የአንዲት አሮጌ ሆንዳ ሁለት ቁጥሮች

በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው «በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች ስትሠሪ ካየሽው አንድ ነገር አካፍዪን» ሲለኝ፣ ስለ እናቶች ሞት ወይም ስለ ወባ እንድናገር ጠብቆ እንደነበር አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝና ዛሬ የማወራው ስለ ዶቅዶቄ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው የ1998 ዓ.ም. ተመራቂ ጓደኛችን ርዕሱን ሲያይ «ምነው፣ ጋራዥ ከፈትሽ እንዴ?» ብሎኛል። እኔ አልከፈትኩም። ታናሽ ወንድሜ ግን ባሕር ዳር ጋራዥ አለው፤ ዛሬ የምነግራችሁን አብዛኛውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ያስተማረኝም ከተሳሳትኩ በኋላ ነው።

ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ላላያችሁ ትንሽ ልበል። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በጋሳይና በንፋስ መውጫ አድርጎ ወልድያ የሚገባው፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው አውራ ጎዳና የሚያልፈው በላይኛው ጋይንት ራስ ላይ ነው። አርብ ገበያ፣ ወገዳ፣ መካነ ኢየሱስ ከዚያ መንገድ ወዲያ ናቸው። ከጉና ብርድ የተነሳ ሰው ወደ በሽሎ ሲወርድ ጋቢውን አውልቆ ላቡን ይጠርጋል። አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ በጨጨሆ በኩል መንገድ እየጠረጉ ወራት የፈጀባቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ አገር የጤና ሠራተኛ መጀመሪያ በእግሩ ሄደ፣ ቀጥሎ በበቅሎ፣ ከዚያም በሞተር ሳይክል። ኮሌጃችን ራሱ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው ከደምቢያው የወባ ወረርሽኝ ማግሥት መሆኑን እዚህ ላለ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ በቡድን ሆነው ገጠር እንዲወርዱ ነበር የታሰበው። እኛም በተራችን ለቡድን ሥልጠና ወጥተን ቤት ቆጥረናል፣ ምንጭ አጎልብተናል፣ መጸዳጃ ቤት አስቆፍረናል። የሞተር ቁጥር ማንበብ ግን ማንም አላስተማረንም። እንግዲህ እነዚያ ከፍ ያሉ፣ ጎማቸው ጥርስ ያወጣ የገጠር ሞተሮች፣ ሆንዳ ኤክስ ኤል፣ ያማሃ ዲቲና ኤጂ፣ ሱዙኪ ቲ ኤስ፣ በየጤና ጣቢያው ጓሮ ዝገው ያያችኋቸው ናቸው። ዶሮ የምታድርባቸው። የዛሬ ታሪኬ ከእነሱ በአንዷ ላይ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ከሦስቱ አካባቢዎች በአንዱ አንድ ጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልነት አደገ። የቦታውን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይገባችኋል። እኔ ሜዲካል ዳይሬክተር ነበርኩ። የጤና ጣቢያው ንብረት ወደ ሆስፒታሉ ሲዛወር ቆጠራ ተደረገ፤ አገልግሎት የማይሰጠው ተለይቶ በሐራጅ እንዲወገድ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም አባል ሆንኩ። ሐኪም ሆናችሁ ኮሚቴ ውስጥ ገብታችሁ የማታውቁ እጃችሁን አውጡ ብል የሚያወጣ ያለ አይመስለኝም።

ጓሮው ውስጥ ሦስት ሞተር ነበር። የቆጠራ ባለሙያው መዝገቡን ይዞ ቁጥር ያነባል፣ እኛ እንፈርማለን። አንደኛው ምንም ቁጥሩ የማይታይ ሱዙኪ ነው፤ ታለፈ። ሁለተኛው ያማሃ ዲቲ 125፣ ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ልክ ነው። ሦስተኛዋ ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ናት። መዝገቡ ላይ «የሞተር ቁጥር» በሚለው ዓምድ የተጻፈው በ417 ያበቃል፤ ባለሙያው ከሞተሯ ላይ ያነበበው በ092 ያበቃል። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሞተሩ ተቀይሯል» ተብሎ ተጻፈ። እኔ ወላድ እየጠበቀችኝ ነበር፤ ፈረምኩና ሮጥኩ። ሦስቱንም ሞተሮች ያየኋቸው ከሰው ትከሻ በላይ አሻግሬ ነው።

ያችን ሆንዳ ተረክቦ የነበረው አንድ ጤና ረዳት ነው። በኋላ ንብረት ክፍል ተዛውሮ የመጋዘን ኃላፊ ሆኗል። ጋሼ እለዋለሁ፤ ሁላችንም እንዲሁ ነበር የምንለው። በ1979 ዓ.ም. ከአውራጃው በሞዴል 22 ወጪ ተደርጋ ተሰጠችው። ከእሱ በፊት የወባ ሠራተኞች ነበሩ የሚነዷት። እሱ የክትባት ሳጥኑን ከኋላ አስሮ ቆላውን ለዓመታት ተመላልሶባታል። ንፋስ መውጫ ከፍታ ላይ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ትልና ጥቁር ጭስ ትተፋ እንደነበር፣ በሽሎ አፋፍ ስትደርስ ግን ድምፅዋ እንደሚጠራ ይነግረኝ ነበር። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ቤንዚን ይበዛባታል። ከቆላ መጥቶ ደጋ ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ሰው መሆኑ ነው።

ጋሼ በዚያው ዓመት 60 ሞልቶት ጡረታ ሊወጣ ነበር። ክሊራንስ ሲጠይቅ ተከለከለ። ቃለ ጉባኤው ወደ ላይ ሄዶ፣ «ሞተሩ ተቀይሯል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር «ደህናዋን ሞተር ሳይክል ሸጦ በአሮጌ ተክቷል» ተብላ ተነበበች። አያችሁ፣ በቋንቋችን ሞተር ማለት መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ክፍልም ነው፣ ሰውየው የሚቀመጥበት ዶቅዶቄም ነው። ዋጋው በወቅቱ ግምት ተሰልቶ እንዲከፍል ደብዳቤ ደረሰው፤ ገንዘቡ ከዓመት ደመወዙ ይበልጣል። ወሬው ገበያ ወጣ። ከወጣትነቱ ጀምሮ ያልተለየውን የማርያም ማኅበር መቅረት ጀመረ።

አንድ ቀን ተመላላሽ ክፍል ተራ ይዞ፣ ካርድ አውጥቶ ገባ። ግፊቱን ለካሁት፤ ከፍ ብሏል። መድኃኒት ልጽፍ ስል፣

«ዶክተር፣ አንቱስ ጎንበስ ብለው አይተዋታል?» አለኝ።

ምን እንደሚል ወዲያው ነው የገባኝ። «አላየሁም ጋሼ» አልኩት። ሌላ አላለም፤ መድኃኒቱን ተቀብሎ ወጣ።

እዚህ ያላችሁ መምህሮቻችን ስንት ጊዜ ነው «ታካሚውን ሳታዩ ካርድ ላይ አትጻፉ» ያላችሁን? ደም ከመስጠታችን በፊት ከረጢቱን ከታካሚው ጋር በሁለት መለያ ካላመሳከርን ያባርሩን የነበሩ ነርሶች ዛሬ እዚህ አዳራሽ አሉ። ጋይንት ውስጥ የሠራ ደግሞ ያውቀዋል፤ ስሙም የአባቱም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ይተኛል። ያኔ የአያት ስም፣ የእናት ስም፣ ቀበሌና ጎጥ እንጠይቃለን። እኔ ለሰው የማደርገውን ለዚህ ሰው ንብረት ሳላደርግ ነው ፊርማዬን ያኖርኩት።

ማታ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ገና ነገሩን ስጀምርለት ሳቀብኝ።

«እታለም፣ ያነበባችሁት የቱን ቁጥር ነው? የሻንሲውን ነው የሞተሩን?»

«የሞተሩን።»

«መዝገቡ ላይ የተጻፈውስ?»

«የሞተር ቁጥር ነው የሚለው።»

«ቁጥሩን ፊደል በፊደል አንብቢልኝ።»

ፎቶ ኮፒው እጄ ላይ ነበር። ኤክስ፣ ኤል፣ 125፣ ሰረዝ፣ ከዚያ አኃዞቹ። «ኢ የለውም?» አለኝ። የለውም። «እንግዲያው እሱ የሻንሲ ቁጥር ነው» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆንዳ በዚያን ዘመን ለኤክስ ኤል 125 ሻንሲ ላይ «ኤክስ ኤል 125» ብሎ ከሰረዝ በኋላ ተራ ቁጥሩን ይመታል። ሞተሩ ላይ ግን «ኤክስ ኤል 125 ኢ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ያቺ ኢ ኤንጂን ለማለት የገባች ናት። ተራ ቁጥሮቹም አንድ አይሆኑም፤ ሻንሲውም ሞተሩም በየራሱ መስመር ተቆጥሮ ነው የሚወጣው። በሌላ አነጋገር፣ ከፋብሪካ የወጣች፣ ማንም እጁን ያላሳረፈባት ሆንዳ ሁለት የተለያየ ቁጥር አላት። ያማሃ ደግሞ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ እ.ኤ.አ. በነበሩት ሞተሮቹ በአብዛኛው ሻንሲውና ሞተሩ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይመታ ነበር። የቆጠራ ባለሙያው ዕድሜውን ሙሉ ያየው ያማሃ ነው። ሁለቱ ቁጥር አንድ መሆን አለበት ብሎ ማመኑ ከተንኮል የመጣ አይደለም፤ የሚያውቀውን ነው የሠራው።

በማግሥቱ ጋሼን አስጠርቼ፣ አንድ ጥበቃና አንድ የፋይናንስ ሠራተኛ ምስክር ይዘን ጓሮ ወጣን። የሻንሲው ቁጥር ያለው የመሪው አንገት ላይ ነው፤ መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዘው በቀኝ በኩል ጎንበስ ብለው ያዩታል። ቦታው ሦስት ጊዜ ቀለም ተደርቦበት ልሙጥ ሆኗል። ጥበቃው የብርጭቆ ወረቀት ሊያመጣ ሲል ወንድሜ በስልክ ጮኸ፤ ብርጭቆ ወረቀትም ግራይንደርም አንድ ላይ ቁጥሩን ይበሉታል። ነጭ ጋዝ በጨርቅ አስነክረን፣ እያቆየን በጥርስ ብሩሽ አነሳነው። ባትሪውን ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን አበራሁበት፤ ቆዳ ላይ ያለ እብጠት በአግድም ብርሃን ሲታይ ጥላ እንደሚያወጣ ማለት ነው። ከዚያ ልጆች ሳንቲም ላይ ወረቀት አድርገው እንደሚያሻሹት፣ ወረቀት አስደግፌ በእርሳስ አሻሸሁት። ኤክስ ኤል 125 ወጣ፤ ሰረዙ ወጣ፤ መጨረሻ ላይ 417።

ጋሼ መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ምንም አልተናገረም። የፋይናንሷ ልጅ ናት «እሰይ!» ያለችው።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። የዚያን ቀን ማታ ግን ወንድሜ ተመልሶ ደወለና «አንድ ነገር አልተዋጠልኝም፤ መዝገቡ ሞዴል 1971 ይላል። በ1971 ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 አልነበረውም። ያኔ የነበረው ኤስ ኤል 125 ነው። ኤክስ ኤል የመጣችው በ1974 ሞዴል ነው» አለኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ዘመኑ ካልሆነ መዝገቡ ራሱ ተነክቷል ማለት ነው፤ መዝገቡ ደግሞ በመጨረሻ በጋሼ እጅ የነበረ ነው። ሰውየውን ነጻ ላወጣ ብዬ ገደል ልከተው ነው አልኩ።

የገባኝ ጠዋት ቡና ላይ ነው። 1971 ዓመተ ምሕረት! በፈረንጅ 1978 እና 79 ማለት ነው። ወንድሜ የሚያስበው በፋብሪካ ካታሎግ ነው፣ መዝገቡን የጻፈው ሰው የሚያስበው በእኛ ዘመን ነው። «ሞዴል» የሚለው ቃልም መከራ ነው፤ ሞዴል 19 የገቢ ቅጽ፣ ሞዴል 22 የወጪ ቅጽ፣ ሞዴል 1971 ደግሞ ዓመት፣ ያውም ያለ «እ.ኤ.አ.» ያለ «ዓ.ም.»። ከአውራጃ የመጣውን የቆየ ሰነድ አገላብጠን የወባ ሠራተኞቹ የተረከቡባትን ቅጽ አገኘነው። ቀኑ የ1971 ዓ.ም. ነው፤ እዚያም ላይ የተጻፈው ያው በ417 የሚያበቃው ቁጥር ነው። መጀመሪያ የመዘገበው ሰው ዶቅዶቄዋን «ሞተር» ብሎ፣ የዶቅዶቄዋን ቁጥር ማለትም የሻንሲውን «የሞተር ቁጥር» ሥር አሰፈረው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሲገለብጥ ኖሯል። ሰውየው አልተሳሳተም እላለሁ። የማንነት ቁጥር የሻንሲው ነው። ሞተር ይቃጠላል፣ ይፈታል፣ ይለወጣል፤ በእነዚያ ዳገቶች ላይ ደግሞ ቶሎ ነው የሚያልቀው። ሰው ኩላሊት ቢቀየርለት ስሙ አይቀየርም።

አሁን የማልወደውን ክፍል ልንገራችሁ። ሆንዳዋን ካየን አይቀር ብዬ «ልክ ነው» ብለን የፈረምንበትን ያማሃ ዲቲም አየሁት። ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር አንድ ነው፣ ሻንሲውና ሞተሩም አንድ ናቸው። በሁሉም መስፈርት ጤነኛ። ባትሪውን ከጎን ሳበራ ግን የመሪው አንገት ብረት በአንድ ወገን ተልጦ ዝቅ ብሏል፤ የሞረድ ጭረት አለው። አኃዞቹ አንዱ ጠልቆ አንዱ ተንሳፍፎ፣ መስመራቸውም ተዛንፏል። የፋብሪካ ምት እንዲህ አይወላገድም። ከሥሩ የሌላ አኃዝ ጅራት ይታያል። ሌላ ሻንሲ አምጥቶ፣ ፍቆ፣ የእኛን ቁጥር የመታበት ሰው አለ። ከተጠየቁት ሁለት ሞተሮች ያለፈው ሐሰተኛው፣ የወደቀችው እውነተኛዋ ነበረች፤ በሁለቱም ላይ የእኔ ፊርማ አለ። ያንን ያማሃ ጋሼ ተረክቦት አያውቅም። ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ አቅርቤ ከእጄ ወጣ።

የጋሼን ቃለ ጉባኤ ማረም ከቁጥሩ ምርመራ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። «አንዴ የተፈረመ አይነካም» ተባልኩ። አይነካም፤ ግን ሌላ ይጻፋል። እኔ ሞተሯን ሳላይ መፈረሜን፣ ከዚያ አይቼ ያገኘሁትን፣ በእርሳስ የተሻሸውን ወረቀት ኮፒ፣ የ1971ዱን ቅጽና የምስክሮቹን ፊርማ አያይዤ አዲስ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ሳላይ ፈረምኩ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እንዳወጣት የመከሩኝ ነበሩ፤ ለእኔ አስበው ነው። ትቻት ብወጣ ግን ደብዳቤው አያሳምንም ነበር፤ ለምን ሁለት ጊዜ የተለያየ ነገር እንደጻፍኩ ማንም አይገባውም። ሁለት ወር ያህል ፈጀ። በዚያ መካከል ጋሼ አንድ በሬ ሸጧል። ክሊራንሱ መጣ፤ በሬው አልተመለሰም።

ይቅርታ የጠየቅሁት ቤቱ ሄጄ ነው። ባለቤቱ ጠላ ቀዳችልኝ። እሱ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ልጄ፣ እኔም 27 ዓመት በእጄ ስትኖር አንድ ቀን አንገቷን አይቼ አላውቅም። ቁጥር እንዳለባትም ያወቅሁት ከአንቺ ጋር ነው።» አንቱታው ቀርቶ አንቺ ማለቱን ልብ በሉልኝ። በተከታዩ ወር የማርያም ማኅበሩ እሱ ቤት ነበር፤ ጠርቶኝ ሄጃለሁ።

በየወረዳው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ በተለይ ሐራጅ የምታወጡ፣ ሥራ ላይ የሚውል አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ለአዲሶቹ ሞተሮች ሥራው ቀላል ነው፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እየተለመደ የመጣው ዓለም አቀፍ የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ አለው። ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታታ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም፤ አንድ ሰው ኦ ብሎ ከጻፈላችሁ ዜሮ ነው። መነሻው ጄ ዋይ ኤ ከሆነ ጃፓን የተሠራ ያማሃ፣ ጄ ኤች 2 ከሆነ ሆንዳ፣ ጄ ኤስ 1 ከሆነ ሱዙኪ ነው። የድሮዎቹ ግን አጭር ናቸው፤ የሞዴሉ መለያ፣ ሰረዝ፣ ተራ ቁጥር፣ በቃ። ስለዚህ መለያውን ከነሰረዙ መገልበጥ ነው እንጂ «ፊደሉ ምን ያደርጋል» ብሎ አኃዙን ብቻ መጻፍ የሻንሲውንና የሞተሩን መለያ ያጠፋል። መዝገባችሁ አንድ ዓምድ ብቻ ካለው ሁለተኛ አስምሩበት፤ «የሻንሲ ቁጥር»፣ «የሞተር ቁጥር»፣ ልክ ሊብሬ ላይ እንዳለው። ዓመቱ አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ጻፉ። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት የመሪውን አንገት በፕላስተር ሸፍኑት፤ ፕላስተር እንደሆነ አታጡም።

ሆንዳዋ በሐራጅ ተሸጠች። የገዛት የእስቴ ልጅ ነው፤ ለመለዋወጫ እንደሚፈታት ነገረኝ፤ ሞተሯ ግን ካንዴላ ሲቀየርላት ተነስታ ነበር። በእርሳስ የተሻሸው ወረቀት ዋናው ፋይል ውስጥ ቀርቷል። በዚያኑ ቀን ሁለተኛ ወረቀት አሻሽቼ ነበር፤ እሱ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። በሻይ ዕረፍት ማየት ለሚፈልግ አሳያለሁ፤ የጣት ቅባት እንዳይነካው ብቻ በጠርዙ ያዙልኝ።